የጎደላትን እንጂ የተረፈህን አትስጣት

ነሐሴ ላይ በጣና ዳር ሣር ያጣ ሰው የለም። መጋቢት ላይ ያው ሰው ባዶ ጆንያ ታቅፎ በባሕር ዳር የመኖ ሱቆች ደጅ ሲንከራተት ታገኘዋለህ። «ምነው?» ስትለው «መኖ ተወደደ!» ይልሃል። ተወዷል፤ እውነቱን ነው። ግን ነሐሴ ላይ በነፃ የበቀለውን ለዝናብና ለምስጥ ትቶ የመጣ ማን ነው?

አንዳንዱ ብልህ ነው። ሣሩን በጊዜ አጭዶ፣ ከትፎ፣ ጠቅጥቆ፣ አየር አሳጥቶ ገፈራ አድርጎታል። ለእሱ ምስጋና ይገባዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ብልሁንም ያስታል። በገፈራው ላይ ምን ልጨምር? ፋጉሎ? ፉርሽካ? አተላ? ሞላሰስ? እዚህ ላይ ወሬው ይበዛል፤ ላሟ ሳትጠየቅ ጎረቤት ይፈርዳል። ዛሬ ለወሬው ሁሉ መልስ ይዣለሁ፤ መልሱም ሁሉ ከአንድ ነገር ይመዘዛል። ድጎማ መኖ የሚመረጠው ገፈራው በጎደለው እንጂ ሱቁ ባለው አይደለም።

«ገፈራ ማለት የበሰበሰ ሣር ነው። እኔ ለላሜ የበሰበሰ አላበላም» አሉኝ አንድ ጋሼ።

ኧረ ጋሼ! የበሰበሰውስ እርስዎ መስከረም ላይ አጭደው ዝናብ የደበደበው ድርቆሽ ነው። ገፈራ እንደ እንጀራ ሊጥ የቦካ እንጂ የበሰበሰ አይደለም። ሣሩ ከታጨደ በኋላ ግማሽ ቀን ጠውልጎ፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ተከትፎ፣ በጉድጓድ ወይም በፕላስቲክ ተጠቅጥቆ ሲታፈን፣ በውስጡ ያለው ስኳር ወደ አሲድ ይለወጣል፤ አሲዱም ሣሩን ያቆየዋል። ስድስት ሳምንት ያህል ከታገሡት ለመመገብ ይደርሳል። የእኛ አገር ክረምት ደግሞ ለድርቆሽ ፊት የሚሰጥ አይደለም። ፀሐይ ወጥታ ድርቆሽ የምታደርቅልዎ ጥቅምት ላይ ነው። በጥቅምት ሣሩ አፍርቷል፣ ዘንጉ ጠንክሯል፣ ፕሮቲኑ ወርዷል። ገፈራ ሣሩን በጉብዝናው ይይዝልዎታል፤ ድርቆሽ በእርጅናው።

ማስረጃ ከፈለጉ ጉድጓዱን ይክፈቱና አንድ እፍኝ ይዝገኑ። ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ከሆነ፣ ሽታው ኮምጠጥ ብሎ ደስ የሚል ከሆነ፣ ሠርተዋል። ሲጨምቁት በጣትዎ መካከል ውሃ ከወረደ ሳይጠወልግ ነው የገባው። የከረመ ቅቤ ሽታ ከሸተተዎት አሲዱ በወጉ አልመጣም። ጠቆር ብሎ የትንባሆ ሽታ ካለው አየር ገብቶ ግሏል፤ ፕሮቲኑም ተቃጥሎ ላሟ ልትጠቀምበት አትችልም። የሻገተ ካዩበት ደግሞ ያንን ለይተው ይጣሉት። ድጎማ መግዛት የሚጀመረው ከዚህ እፍኝ ነው። ያልታየ ገፈራን መደጎም ያልታመመበትን ቦታ ማከም ነው።

አንዱ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ መጣ።

«ገፈራ ሞልቶኛል! ድጎማ ምን ይሠራልኛል?»

«ሣሩ ምን ነበር?»

«ዝሆኔ ሣር።»

«ስንት ሲያህል አጨድኸው?»

«ከራሴ በላይ ሲሆን።»

«እንግዲያው ያጨድኸው ሣር አይደለም፤ ሸንበቆ ነው።»

«ብዙ እንዲሆንልኝ ብዬ ነዋ!»

«ብዛቱን አገኘህ፤ ወተቱን ሸጥኸው።»

ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም። ሲያጭድ፣ ሲከትፍና ሲረግጥ የዋለ ሰው ነው። የሳተው አንድ ነገር ነው። ዝሆኔ ሣር አንድ ሜትር አካባቢ ሲሆን ቢታጨድ፣ ከደረቅ ክብደቱ ከ8 እስከ 10 በመቶው ፕሮቲን ነው። ከሰው ቁመት ሲያልፍ ወደ 5 እና 6 በመቶ ይወርዳል። በላም ሆድ ውስጥ ሣሩን የሚፈጩት ደቂቅ ነፍሳት ከ7 በመቶ በታች ሲሆንባቸው ራሳቸው ይራባሉ፤ እነሱ ከተራቡ ላሟ ሆዷ ሞልቶ ትራባለች። በደንብ የምትታለብ የተዳቀለች ላም ደግሞ በጠቅላላ ቀለቧ ውስጥ ከ14 እስከ 16 በመቶ ትፈልጋለች። ስለዚህ የሸንበቆው ባለቤት የጎደለው ፕሮቲን ነው፤ መግዛት ያለበትም ፋጉሎ ነው። ሣሩን በአንድ ሜትር አጭዶ ከጥራጥሬ መኖ ጋር ያፈነው ጎረቤቱ ግን ፕሮቲኑን ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጧል። እሱ የሚጎድለው ኃይል ሰጪ ነው፤ የተፈጨ በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ ጥቂት ሞላሰስ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ሱቅ ገብተው አንድ ዓይነት ጆንያ ተሸክመው ከወጡ አንደኛው ገንዘቡን ጥሏል።

«ፉርሽካ ይበቃታል! ርካሽ ነው!» ይላል ነጋዴው።

ርካሽነቱ ለማን? ወንድሜ፣ ሚዛንህን አውጣና አብረን እንመዝን። በ100 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ውስጥ 30 ኪሎ ገደማ ፕሮቲን አለ። በ100 ኪሎ የስንዴ ፉርሽካ ውስጥ 16 ኪሎ ገደማ። እንግዲህ ፕሮቲን ፈልጎ ለመጣ ሰው ሒሳቡ ይኸው ነው። የፉርሽካው ኩንታል ዋጋ ከፋጉሎው ኩንታል ዋጋ ግማሹን ፈቀቅ ብሎ ካለፈ፣ ርካሹ ፋጉሎው ነው። ገዢው ይህን ይያዝ። በየሳምንቱ ዋጋ ቢቀያየር ይህ ሒሳብ አይቀያየርም። የፋጉሎውን ኩንታል ዋጋ ለ30፣ የፉርሽካውን ለ16 አካፍል፤ ያነሰውን ግዛ። ፉርሽካ ክፉ መኖ ነው አላልኩም፤ ኃይል አለው፣ ሆድ አይጎዳም፣ ፋጉሎውንም ያለሰልሰዋል። ግን የፕሮቲንን ሥራ ለፉርሽካ መስጠት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

«እንግዲያው ዩሪያ ልጨምርበት! ከሁሉ ርካሽ ፕሮቲን ነው ተብሏል» አለ አንድ ወጣት፣ ከተማ ውስጥ አራት ላም አስሮ የሚያልብ።

ወንድም ዓለም፣ የተባለው ለገለባ ነው። 100 ኪሎ ገለባ በ4 እና 5 ኪሎ ዩሪያ ውሃ ተረጭቶ ሦስት ሳምንት ቢታፈን ይለሰልሳል፣ ናይትሮጅንም ያገኛል፤ እሱ ጥሩ ሥራ ነው። በሣር ገፈራ ውስጥ ግን ከፕሮቲኑ ብዙው ሲታፈን ጊዜ ቀድሞ ተሰባብሯል፤ በላሟ ሆድ ፈጥኖ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አሞኒያውን የሚይዝ ስኳርና ስታርች ከሌለ በሽንት ይወጣል። አንተ በዚያ ላይ ዩሪያ ስትጨምር በአንድ እጅህ ገዝተህ በሌላው እጅህ በበረት ቦይ ታፈስሳለህ። ሲበዛ ደግሞ ይገድላል፤ ጥጃ ደጅ ጭራሽ አይድረስ። ለገፈራ የሚስማማው ፕሮቲን ቀስ ብሎ የሚፈታው የቅባት እህል ተረፈ ምርት ነው፤ ፋጉሎ። ከፋጉሎው ጋር ደግሞ ጥቂት በቆሎ ወይም ሞላሰስ ጨምር፤ ያ የባከነው ናይትሮጅን ወተት ይሆናል።

«ልጄ፣ እኔ በዚህ ሁሉ አልደክምም። አተላ እሰጣታለሁ፤ ወተቷ ይጨምራል» አሉ እትዬ፣ ጠላና አረቄ ጠምቀው ልጆች ያሳደጉ።

እትዬ፣ እውነትዎን ነው፤ አተላ ወተት ያመጣል። ከእርስዎ እጅ ትኩሱ አተላ ሲወጣ የሚያክለው የለም። ከጎኑ የሚሰጡትን ግን እንይ። ከአተላው አብዛኛው ውሃ ነው። ገፈራውም ከ70 በመቶ በላይ ውሃ ነው። አተላው ኮምጣጣ፣ ገፈራውም ኮምጣጣ። ላሚቱ ሆዷ በውሃና በኮምጣጤ ከተሞላ ማመንዠኳን ትተዋለች፣ ኩበቷ ይቀጥናል፣ የወተቷ ቅባት ይቀንሳል። ስለዚህ አተላ ለምትበላ ላም በቀን ሁለት ሦስት ኪሎ ደረቅ ነገር ይጨምሩላት፤ ድርቆሽ ወይም የጤፍ ጭድ፤ ያስመነዥካታል። አተላውም የዕለቱ ይሁን፤ በባሕር ዳር ሙቀት ሦስት ቀን የከረመ አተላ ይበላሻል። የአረቄው አተላ አልኮል ያለበት እንደሆነ ለእርጉዝ ላምና ለጥጃ አይስጡ።

ከዚሁ ጋር አንድ መልስ ለከተማ ወንድሞች። «የቢራ አተላ ከጎንደር እናስመጣለን፤ ፋብሪካ አለ።» ፋብሪካውስ አለ፤ ዳሸን ጎንደር ላይ ነው። መንገዱ ግን 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እርጥቡ የቢራ ገብስ ከመቶ ኪሎው ከ75 እስከ 80 ኪሎው ውሃ ነው። ያ ማለት ጣና ዳር ተቀምጠህ ውሃ ከጎንደር ታስጭናለህ! ለጎንደርና ለአዘዞ ባለ ላም ትልቅ መኖ ነው፤ ደረቁን ስታየው ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፣ ከገፈራም ጋር ይስማማል። አንተ ግን የጭነቱን ዋጋ በደረቁ ኪሎ አካፍልና ከፋጉሎው ጋር አስተያየው። ሒሳቡ ለፋጉሎው ካደላ መኪናውን መልስ።

«ጣና ሙሉ እምቦጭ ነው። ለምን መኖ አናደርገውም?»

እምቦጭ በጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻ ስንት ገበሬ ወገቡን ሰብሮ እንደነቀለው አገር ያውቃል፤ ለዚያ ድካም ክብር ይገባዋል። እምቦጩ ግን ከመቶ ኪሎው ከ90 ኪሎ በላይ ውሃ ነው። ላም እምቦጭ በልታ ፕሮቲን እስክታገኝ ሐይቁን መጨረስ አለባት። በዚያ ላይ ሥሩ ከውሃው ውስጥ ከባድ ብረቶችን ይስባል። ጠውልጎ፣ ሥሩ ተቆርጦ፣ ከሞላሰስና ከገለባ ጋር ቢታፈን ሆድ ይሞላ ይሆናል፤ ድጎማ ግን አይባልም። ባዶ ሆድን መሙላት አንድ ሥራ ነው፤ ወተት ማምጣት ሌላ ሥራ ነው።

«የፎገራ ሩዝ ፉርሽካ አገኘሁ፤ ሦስት እጅ ርካሽ ነው።»

በእጅህ አሸው። ልስልስ ብሎ ቅባት ከተወልህ ፉርሽካ ነው። ከሻከረህና እንደ አሸዋ ከቆረጠህ የተፈጨ ገለፈት ነው። ገለፈቱን ላም ልትፈጨው አትችልም፤ ሲሊካ ይበዛበታል። ንጹሑም ቢሆን ቅባቱ ስለሚበዛ በሙቀት ቶሎ ይከርራል። ስለዚህ ለሳምንት የሚበቃህን ያህል ብቻ ግዛ።

«ጨው እሰጣታለሁ፤ ማዕድን በቃ።»

ጨው ሶዲየም ይሰጣል። ወተት የሚጠይቀው ግን ካልሲየም ነው፤ በእያንዳንዱ ሊትር 1.2 ግራም ያህል ይወጣል። ፉርሽካም ፋጉሎም ፎስፈረስ አላቸው፣ ካልሲየማቸው ግን ትንሽ ነው። አንተ በፉርሽካ ስትደጉም ሚዛኑ እየተዛባ ይሄዳል። በወለደች ማግስት የተንቀጠቀጠችውና የወደቀችው የተዳቀለች ላም ብዙ ጊዜ «ዓይን ነው» ይባልባታል። ዓይን አይደለም፤ ካልሲየም ነው። ሐኪም ጥራ፤ ለምትታለብ ላም ደግሞ በድጎማው ውስጥ የተፈጨ ኖራ ድንጋይ አስገባ። ዋጋው ትንሽ ነው።

«ለፎገራ ላሜ ስድስት ኪሎ ድጎማ ሰጠኋት፤ ወተቷ ግን ወይ ፍንክች!»

የፎገራ ላም የአገራችን ኩራት ናት። ረግረጉንና ዝናቡን ችላ ትኖራለች። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ 22 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልም እሷን ሲጠብቅና ሲያሻሽል ነው የኖረው። ግን በቀን ሁለት ሦስት ሊትር የምትሰጥ ላም ስድስት ኪሎ ብትበላ የምትሰጠው ስብ ነው። ድጎማ የሚሰጠው በወተት ልክ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሊትር በላይ ለሚታለበው ለእያንዳንዱ ሊትር ግማሽ ኪሎ ያህል። ለፎገራዋ ጥሩ ገፈራ፣ ትንሽ ፋጉሎና ማዕድን ይበቃታል። ለ12 ሊትሯ የተዳቀለች ላም አራት ኪሎ ተኩል አስላ። ለሁለቱም እኩል የሚሰፍር ሰው አንዷን ያባክናል፣ አንዷን ያስርባል።

«ፋጉሎ ብሰጣትም አትወፍርም።»

የት ነው የምትውለው? የጣና ዳር ረግረግ ላይ? ድጎማውን የሚበላው የጉበት ትል ነው። የትል መድኃኒት ያልወሰደች ላም ጋር ፋጉሎ ይዞ መሄድ ሌባ ለተቀመጠበት ቤት ዕቃ መግዛት ነው። መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪሙን፣ ቀጥሎ የመኖ ነጋዴውን።

«ውሃ ጠዋት አጠጥቻታለሁ።»

እዚህ ላይ አባቶች ጨርሰውታል፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው! ከወተቱ 87 በመቶው ውሃ ነው። አሥር ሊትር የምትታለብ ላም በቀን ከ50 እስከ 70 ሊትር ትፈልጋለች። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ከተማ በረት ውስጥ፣ ባልዲ ደርቆ፣ ስለ ድጎማ ዋጋ መጨቃጨቅ አይገባም። ውሃውን ቀኑን ሙሉ ፊቷ አስቀምጥ። ከሁሉም ድጎማ ርካሹ እሱ ነው፣ ወተትም በማግስቱ ይጨምራል።

አሁን ወደ ሁለቱ ትልልቅ ነገሮች ልምጣ፤ እነዚህን በቶሎ አላልፋቸውም።

የመጀመሪያው ሻጋታ ነው። «ፋጉሎው ትንሽ ሻግቷል፤ ለላም ምን ይሆናል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ለላም ብቻ ቢሆን ኖሮ እንነጋገር ነበር። በሻገተ ፋጉሎ ላይ የሚያድገው ፈንገስ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ላሟ የበላችው መርዝ ከፊሉ ተለውጦ በወተቷ ይወጣል። ማፍላት አያጠፋውም፤ ጉበት ይጎዳል፣ ካንሰር ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው የአዲስ አበባና አካባቢዋ ጥናት 110 የወተት ናሙና ፈተሸ። መርዙ ያልተገኘበት አንድም አልነበረም። የአውሮፓን ጣሪያ፣ በሊትር 0.05 ማይክሮግራምን፣ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። 29ኙ ደግሞ 0.5 ማይክሮግራምን አለፉ። ከመኖው በኪሎ እስከ 419 ማይክሮግራም ተገኘ። ጣት ከተቀሰረባቸው መኖዎች ዋናው የኑግ ፋጉሎ ነበር፤ እኛ ዛሬ የምናሞግሰው ይኸው ፋጉሎ። ወሬው ሲሰማ ገዢ ሸሸ፤ የተጎዳውም አላቢው ነው።

ስለዚህ ፋጉሎ ለመግዛት ስትሄድ ጆንያው ላይ አትተማመን። እፍኝ አውጣና ስበረው። ልቡን እይ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ያለበት፣ የምድር ቤት ሽታ የሚሸት፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ ከሆነ አትግዛ። «ቀንሼልሃለሁ» ቢልህ «የልጄን ጉበት ስንት ቀነስክልኝ?» በለው። ከገዛህም በኋላ በሐይቅ ዳር እርጥበት መሬት ላይ አትዘርጋው። እንጨት ረብርብ፤ ጆንያውን ከግድግዳ አርቅ፤ ነፋስ ይግባበት፤ ከወር በላይ የሚቆይ አትከምር። ቀድሞ የመጣው ቀድሞ ይለቅ። ይህን የሚያደርግ ሰው ድጎማውን ብቻ አይጠብቅም፤ ወተቱን የሚጠጣውን ሕፃን ይጠብቃል።

ሁለተኛው ሁዳዴ ነው። «ሁዳዴ ገባ፤ ወተት የሚገዛ የለም። ፋጉሎውን አቋርጫለሁ።»

ላሟ ግን አትጾምም! ጾሙ ያንተና የእኔ ነው፤ እሷን ማን ጹሚ አላት? በ55 ቀን ውስጥ ላም ቀለቧ ሲቋረጥ ወተቷ ይወርዳል። ከወለደች በስድስትና በስምንት ሳምንቷ ወደ ከፍታዋ ስትወጣ ከያዝካት ደግሞ ከዚያ ከፍታ የወደቀው ወተት በዚያው የአለባ ወቅት አይመለስም። ፋሲካ ሲደርስ ከተማው ሁሉ ወተት፣ እርጎና ቅቤ ሲፈልግ አንተ ጋ ባዶ ጋን ይጠብቀዋል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ፤ አንተም የሁለት ወር ገደማ ፋጉሎ ቆጥበህ የስድስት ወር ወተት አሳጠርክ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ በጾም የታለበውን ቅቤ ማድረግ። ቅቤ ተነጥሮ ለፋሲካ ይቆያል፤ ፋሲካ ላይ ደግሞ ዋጋው ሲወጣ ነው የምታወጣው። ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያ ሥራ ነው። ላም ዘጠኝ ወር ከጥቂት ቀን ነው የምታረግዘው። ሰኔ መጨረሻ ላይ የጸነሰች ላም ሚያዝያ መጀመሪያ ትወልዳለች፤ ከፍታዋም ከጾሙ ውጭ፣ ከፋሲካ በኋላ ይውላል። የማዳቀሉን ቀን እንደ ዓመት በዓል ያዘው። ጾሙን አትለውጠውም፤ የላምህን መውለጃ ግን ትለውጣለህ።

«ይህን ሁሉ ሰማን። በኩንታል ስንት ስንት እንቀላቅል?» ለምትሉኝ እነሆ። ሣሩ አርጅቶ ለታፈነ፣ በመቶ ኪሎ ድብልቅ ውስጥ 40 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 35 ኪሎ የስንዴ ፉርሽካ፣ 22 ኪሎ የተፈጨ በቆሎ፣ 2 ኪሎ የተፈጨ ኖራ ድንጋይ፣ 1 ኪሎ ጨው። ይህ ወደ 20 በመቶ ፕሮቲን ይሰጥሃል። ሣሩ በለጋነቱ ከጥራጥሬ መኖ ጋር ለታፈነ ግን ፋጉሎውን ወደ 20 ኪሎ አውርድ፤ ፉርሽካውን 40፣ በቆሎውን 37 አድርግ፤ ኖራና ጨው ያው። ይህ 16 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ኪስህም ይተነፍሳል። አዲስ ድጎማ በአንድ ቀን አታስገባ፤ በሁለት ሳምንት ቀስ በቀስ አሳድገው። በአንድ ጊዜ ከሦስት ኪሎ በላይ አትስጥ፤ ጠዋትና ማታ ክፈለው። ገፈራውን አስቀድም፤ ድጎማው ይከተል። ኩበቷን እይ፤ እንደ ሾርባ ከሆነ ድጎማው በዝቷል ወይም ደረቅ መኖው አንሷል፤ ከጠነከረና ገለባው ሳይፈጭ ከወጣ ፕሮቲን ወይም ውሃ ጎድሏል። ላም አትናገርም የሚል ሰው ኩበቷን አላየም።

«ፋጉሎ ከየት ይምጣ? ሁሌ ከሱቅ?» አይደለም። ሰስባኒያ በአጥርህ ዙሪያ፣ አልፋልፋ መስኖ ባለበት፣ ላብላብ በበቆሎህ መካከል ይበቅላል። በሜጫ ቆጋ መስኖ ወደ 7,000 ሄክታር የሚያጠጣ ውሃ አለ፤ ከዚያ አንድ ጥማድ እንኳ ለአልፋልፋ የለቀቀ ገበሬ የነጋዴ ደጅ አይጠናም። የተከልከው ቅጠል ሲደርስ ከገፈራው ጋር ስጣት፤ ከፋጉሎው ሲሶውን ይተካልሃል። እነዚህን ከሣሩ ጋር ቀላቅለህ ብታፍናቸውም ገፈራው ገና ከጉድጓዱ ሲወጣ ግማሽ ድጎማውን ይዞ ይመጣል።

እንግዲህ ወገኔ፣ የላምህን ሆድ ለጎረቤት ወሬ አትተው። ዛሬ ማታ በረት ግባ፤ ገፈራውን ዝገን፣ አሽት፣ ጭመቅ። ሣሩን መቼ እንዳጨድህ አስታውስ። የታለበውን በሊትር ለካ፣ ጻፈው። ከዚያ ለ30ና ለ16 አካፍልና ሱቅ ሂድ። ሻጋታ ያለበትን ከነዋጋ ቅናሹ መልስ። ባልዲውን ሙላ። በሁዳዴ አታቋርጥ። በመጪው ክረምት ደግሞ ዝሆኔ ሣሩ አንድ ሜትር ሲሞላ ማጭድህን አንሣ፤ ከራስህ በላይ እስኪሆን አትጠብቅ።